የንባብ ችግር ላለባቸው ተማሪዎች የሚያገለግሉ ደጋፊ ቴክኖሎጂዎች

መምህሩ በቃል የጠየቁትን ጥያቄ ፈጥኖ የሚመልስ፣ የሰማውን ታሪክ ሳያዛንፍ የሚተርክ፣ ነገር ግን መጽሐፍ ተሰጥቶት አንብብ ሲባል አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚቸገር ተማሪ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይገኛል። እንዲህ ዓይነቱ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ተደርጎ ይቆጠራል። የክፍል ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ የሳይንሱም፣ የታሪኩም፣ የሂሳቡም ትምህርት በንባብ የሚቀርብ በመሆኑ በአንድ ጉዳይ የጀመረው ችግር ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ያዳርሳል። ውሎ አድሮም ተማሪው ክፍል ለመድገም ወይም ትምህርቱን ለማቋረጥ ይገደዳል።

ደጋፊ ቴክኖሎጂ የሚባለው አካል ጉዳት ወይም የመማር እክል ያለበት ሰው ሌሎች የሚያከናውኑትን ተግባር እንዲያከናውን የሚረዳው ማንኛውም መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ነው። ከንባብ ጋር በተያያዘ ከተራ የዓይን መነጽር አንስቶ ጽሑፍን በድምፅ እስከሚያነብ ኮምፒውተር ድረስ ያለውን ያጠቃልላል። ሆኖም መሣሪያው ጥቅም የሚሰጠው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ሲያገኝ ብቻ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ከግዥ ባሻገር የመማሪያ መጻሕፍትና የመንግሥት ሰነዶች ከሚዘጋጁበትና ከሚቀመጡበት አሠራር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

የችግሩ ምንነትና መንስዔ

የንባብ ችግር መንስዔው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ተማሪ የሚቸገረው ዓይኑ በሚገባ ባለማየቱ ነው። ሌላው የመስማት ጉድለት ስላለበት የድምፆችን ልዩነት በትክክል ባለመለየቱ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማዛመድ ይሳነዋል። ብዙዎች ደግሞ በቂ የንባብ ትምህርትና መጽሐፍ ባለማግኘታቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ በ2010 በኢትዮጵያ የተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ከሚማሩ ሕፃናት መካከል በርካታዎቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈን አጭር ምንባብ አንብቦ በመረዳት ረገድ ከፍተኛ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል።

ከእነዚህ የሚለየው ዲስሌክሲያ በመባል የሚታወቀው የንባብ እክል ነው። ይህ እክል ያለበት ሰው ዓይኑም ጆሮውም ጤናማ ሆኖ፣ ትምህርትም አግኝቶ፣ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት መለየት እንዲሁም ፊደላቸውን ሳያሳስት መጻፍ ያዳግተዋል። መነሻው አንጎል የንግግር ድምፆችን ከፊደል ጋር ከሚያዛምድበት አሠራር ጋር የተያያዘ ሲሆን ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር ግንኙነት የለውም። በብዙ ቤተሰቦችም በዘር ሲተላለፍ ይታያል።

ስያሜውን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሙበት ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ናቸው። እ.ኤ.አ በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን የ14 ዓመት ዕድሜ ያለውን የአንድ ልጅ ሁኔታ በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተው ነበር። ልጁ ብልህና በሂሳብ ጎበዝ ቢሆንም ለዓመታት ተምሮ ቀላል ቃላትን እንኳ ማንበብ አልቻለም። መምህሩም ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ ብልጫ ይኖረው እንደነበር መናገራቸው በዘገባው ሰፍሯል። በወቅቱ ለአንድ ተማሪ ሲባል መጻሕፍትን ሁሉ ወደ ድምፅ መለወጥ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ ግን የሚቻል ሆኗል።

በአማርኛ ንባብ የሚጀምር ሕፃን 33 መሠረታዊ ሆሄያትን እያንዳንዳቸውን በሰባት ቅርፅ፣ በድምሩ 231 ፊደላትን መለየት ይጠበቅበታል። ዲቃላ ፊደላት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። እንደ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» ያሉት በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለያዩ በመሆናቸው የንባብ እክል ላለበት ልጅ ተጨማሪ ሸክም ይሆኑበታል።

ከመሣሪያ በፊት ምርመራ

የችግሩ መንስዔ ሳይታወቅ የሚገዛ መሣሪያ ገንዘብ ከማባከን የዘለለ ጥቅም የለውም። በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ የተማሪውን ዓይንና ጆሮ ማስመርመር ነው። ርካሽ የሆነ መነጽር ውድ ሶፍትዌር ሊፈታው የማይችለውን ችግር የሚፈታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ይፋ ባደረገው 50 ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደጋፊ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ መነጽር፣ የጽሑፍ ማጉያ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የብሬል መጻፊያና በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ተካተዋል።

ድርጅቱ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ በ2022 ያወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ ደጋፊ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ይገልጻል። በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መሣሪያውን የሚያገኙት ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውንም ሪፖርቱ ያመለክታል።

የመሣሪያዎቹ ዓይነትና አሠራር

የታተመ ጽሑፍን በድምፅ የማንበብ ቴክኖሎጂ የተጀመረው ለዓይነ ስውራን ታስቦ ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ሬይ ኩርዝዌል እ.ኤ.አ በ1976 ያስተዋወቁት የንባብ መሣሪያ የታተመን ገጽ በስካነር አንስቶ፣ ፊደላቱን ለይቶ፣ በሰው ሠራሽ ድምፅ ያነብ ነበር። መሣሪያው ትልቅና ውድ ስለነበር ለጥቂት ተቋማት ብቻ ይዳረስ ነበር። በዚህ ዘመን ተመሳሳይ ተግባር በአንድ የእጅ ስልክ ይከናወናል።

አሁን በአገልግሎት ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ተማሪው በማዳመጫ እየሰማ የሚነበበው ቃል በስክሪኑ ላይ በቀለም ስለሚደምቅለት ዓይኑና ጆሮው በአንድነት ይከተላሉ። ፍጥነቱን መቀነስ፣ ማቆምና መልሶ ማሰማትም ይችላል። ሁለተኛው የታተመን ገጽ በካሜራ ወይም በስካነር አንስቶ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛው የተማሪውን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሲሆን ሐሳቡ እያለው በፊደል አጻጻፍ ለሚቸገር ተማሪ ይጠቅማል። አራተኛው በሰው ድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ በ1996 የተመሠረተው ዴይዚ ኮንሶርቲየም ያወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ አድማጩ በተቀረጸው መጽሐፍ ውስጥ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ፣ ከገጽ ወደ ገጽ እንዲሸጋገር ያስችላል።

እነዚህ መሣሪያዎች ውጤት ማስገኘታቸው በጥናት ተፈትሿል። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ሶፍትዌሮችን የተመለከቱ በርካታ ጥናቶችን በማጠቃለል እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ትንተና፣ የንባብ እክል ያለባቸው ተማሪዎች ሶፍትዌሩን ሲጠቀሙ ያነበቡትን የመረዳት ውጤታቸው በመጠኑ እንደሚሻሻል አረጋግጧል። ውጤቱ አዎንታዊ ቢሆንም መጠነኛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መሣሪያው ተማሪው የዕለቱን ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር እንዲከታተል ያደርገዋል እንጂ ማንበብን አያስተምረውም። ፊደልንና ድምፅን ደረጃ በደረጃ የሚያዛምድ የንባብ ትምህርት ከመምህር ሊያገኝ ይገባል።

የተማሪው ፍጥነቱን መቆጣጠር መቻል ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከኢትዮጵያ የቀደመ ልምድም መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት በሳተላይት በቀጥታ የሚተላለፍ በመሆኑ መምህሩም ሆነ ተማሪው ማቆምና መመለስ አይችሉም ነበር። በዚህም ምክንያት ትምህርቱ ይፈጥናል የሚል ቅሬታ ሲቀርብ ቆይቷል። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ተማሪ የሚጠቅመው በራሱ ፍጥነት የሚሄድ፣ ሲፈልግ የሚያቆመውና የሚመልሰው መሣሪያ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ልዩ ባሕርያት

በእንግሊዝኛ ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው የቆዩ ሶፍትዌሮች በአማርኛ በዚያው ደረጃ አይገኙም። ለዚህ አንዱ ምክንያት አማርኛ የቃላትን መጥበቅና መላላት በጽሑፍ የማያሳይ መሆኑ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውኃ ውስጥ መዋኘትን፣ ጠብቆ ሲነበብ ቀዳሚ የሆነውን ነገር ይገልጻል። «አለ» የሚለውም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ሰው ትክክለኛውን ንባብ ከዓረፍተ ነገሩ መንፈስ ይረዳል። ሶፍትዌር ግን ይህን ለማወቅ በቋንቋው ላይ የተደረገ ሰፊ የምርምር ሥራ ይጠይቃል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን በመደጋገም ስለሚያሳይ በዚህ ረገድ ለሶፍትዌር ይቀላል።

ይህም ሆኖ መነሻ የሚሆኑ መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ በ2006 በአውስትራሊያ መሠራት የጀመረውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ አብሮት በሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ በተሰኘው የድምፅ ሶፍትዌር አማካይነት አማርኛ ያነባል። የድምፁ ጥራት ከሰው ንግግር የራቀ ቢሆንም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ማይክሮሶፍት ኩባንያም አንድ የሴትና አንድ የወንድ የአማርኛ ድምፅ አቅርቧል። እነዚህ ለጆሮ የሚስማሙ ሲሆኑ በኢንተርኔት አማካይነት የሚሠሩ ናቸው። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም በስካነር የተነሡ የአማርኛና የትግርኛ ገጾችን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል።

ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ በሰው ድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ የተሻለ አማራጭ ነው። ቀረጻው በሚሞሪ ካርድ ተይዞ በተራ ስልክ ወይም በትንሽ ማጫወቻ ሊደመጥ ይችላል። አንባቢው ቃሉን የት እንደሚያጠብቅና እንደሚያላላ ስለሚያውቅ ሶፍትዌሩ የሚሳሳተው ሰው ጋ አይሳሳትም። ኢትዮጵያም በትምህርት በሬዲዮ ፕሮግራሞች ዝግጅት የብዙ ዓመታት ልምድ አላት።

የፋይሉ አቀማመጥ ወሳኝነት

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የጽሑፉ ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መመዘኛ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአገልግሎት ላይ የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የግዕዙን ቅርፅ ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው። ድምፅ አንባቢው ሶፍትዌርም የሚያነበው ያንኑ ነው። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም በልማድ ምክንያት በቀድሞዎቹ ፎንቶች መጻፍ ወዲያውኑ አልቀረም።

ሁለተኛው እንቅፋት በስካነር የተነሣ ገጽ በፒዲኤፍ መልክ መሠራጨቱ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል ምስል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ተማሪው ስልክና ሶፍትዌር ቢኖረውም መጽሐፉ ለእሱ ድምፅ አልባ ነው። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፋይል በመሥሪያ ቤቱ እያለ ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት እንደገና በስካነር የሚነሣ ሰነድም የዚሁ ሰለባ ነው።

ሦስተኛው ከአጻጻፍ ልማድ የሚመነጭ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የአራት ነጥብ ምልክት የራሱ ቁልፍ እያለው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይተኩታል። ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማብቃቱን ላያውቅ ስለሚችል ንባቡ ያለ ዕረፍት ይቀጥላል። በእዝባር የሚያጥሩ እንደ «ት/ቤት» እና «መ/ቤት» ያሉ ቃላትም እንዳሉ ፊደላቸው ስለሚነበቡ አድማጩን ያደናግራሉ። እነዚህን ማስተካከል ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

የአሜሪካ ልምድና የኢትዮጵያ ሁኔታ

ዩናይትድ ስቴትስ ይህንኑ ችግር የፈታችው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ በ2004 የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ የመማሪያ መጽሐፍ ፋይሎች የሚዘጋጁበትን አንድ ወጥ መመዘኛ አስቀምጧል። በዚህም መሠረት ክልሎችና የትምህርት ወረዳዎች መጽሐፍ ሲገዙ አሳታሚው የመጽሐፉን ፋይል ለአንድ ብሔራዊ ማዕከል እንዲያስረክብ በውሉ ውስጥ ያስገባሉ። ማዕከሉ የሚገኘው በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ባለው የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ማተሚያ ድርጅት ነው። ከዚያ የሚወጣው ፋይል በብሬል፣ በትልልቅ ፊደላት ወይም በድምፅ ተዘጋጅቶ ለተማሪው ይደርሳል።

በኢትዮጵያ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚያዘጋጁትና የሚያዘጋጇቸውን ባለሙያዎች የሚቀጥሩት የትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ናቸው። ስለሆነም ፋይሉን ከግል አሳታሚዎች ለማግኘት የሚያስፈልገው ረጅም ድርድር በአብዛኛው አያጋጥምም። የዝግጅትና የኅትመት ውል ሲፈረም «የመጨረሻው ፋይል በዩኒኮድ፣ ምዕራፎቹና ርዕሶቹ ተለይተው ይቅረብ» የሚል አንድ አንቀጽ መጨመር አብዛኛውን መንገድ ይጠርጋል።

የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን ለመደገፍ ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ያረጋግጣል። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 በትምህርት መስክ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል።

ከንባብ ጋር በቀጥታ የሚያያዘው ግን የማራኬሽ ስምምነት ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ ሰኔ 27 ቀን 2013 በሞሮኮ ማራኬሽ ከተማ ጸድቆ እ.ኤ.አ መስከረም 30 ቀን 2016 በሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ በ2020 ተቀላቅላለች። ስምምነቱ የታተሙ ሥራዎችን የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ ለተጠቃሚዎች በሚመች መልክ ማባዛትና ከአገር ወደ አገር መለዋወጥ እንዲቻል በሕግ እንዲፈቀድ ያደርጋል።

ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ የዓይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁንና አንቀጽ 3 ተጠቃሚዎችን በሦስት ይከፍላል፤ ዓይነ ስውራንን፣ የማየት ወይም የንባብ እክል ያለባቸውን፣ እንዲሁም በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ መያዝና መግለጥ የማይችሉትን። ስለዚህ ዲስሌክሲያ ያለበት ተማሪም የመብቱ ተካፋይ ነው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚዘጋጀው የድምፅ መጽሐፍ ለእሱም ሊሰጠው ይችላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የወጣው ወጪ ሁለት ወገኖችን ይጠቅማል።

የፈተና አሰጣጥ

ዓመቱን ሙሉ በድምፅ ሲማር የቆየ ተማሪ በፈተና ቀን መሣሪያው ከተከለከለ የሚለካው የባዮሎጂ ወይም የታሪክ ዕውቀቱ ሳይሆን የንባብ ፍጥነቱ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የንባብ እክሉ በምዘና ለተረጋገጠ ተማሪ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ጥያቄውን በድምፅ የሚያነብለት ሰው ወይም ኮምፒውተርም ይፈቀድለታል። የንባብ ችሎታ ራሱ በሚመዘንበት የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍል ሰው ማንበብ አይፈቀድለትም። ተማሪው ራሱ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ግን ይፈቀዳል።

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እ.ኤ.አ በ2024 በከፊል በኢንተርኔት አማካይነት መስጠት ተጀምሯል። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሰጥ ፊደሉን ማጉላት፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ማስፋትና ጥያቄውን በማዳመጫ ማሰማት በቴክኒክ ረገድ ከወረቀቱ ይልቅ ይቀላል። እነዚህ አገልግሎቶች በሥርዓቱ ውስጥ እንዲካተቱ መወሰን የሚገባው ግን ሥርዓቱ ሲነደፍ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለመጨመር መሞከር ወጪንም ድካምንም ያበዛል።

ማስረጃ የሌላቸው ምርቶች

በገበያ ላይ የንባብ እክልን ያድናሉ ተብለው የሚቀርቡ ምርቶች ሁሉ በጥናት የተደገፉ አይደሉም። ባለቀለም መነጽሮችና በገጽ ላይ የሚነጠፉ ባለቀለም ፕላስቲኮች የዚህ ምሳሌ ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ እነዚህ ዘዴዎች በሳይንሳዊ ማስረጃ እንዳልተደገፉ አስታውቀዋል። ለዲስሌክሲያ ተብለው በልዩ ቅርፅ የተሠሩ የላቲን ፎንቶችም ንባብን በራሳቸው እንደሚያሻሽሉ አልተረጋገጠም። በአንጻሩ በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት እንደሚረዳ እ.ኤ.አ በ2012 በጣሊያንና በፈረንሳይ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አመልክቷል። የመጀመሪያዎቹ ዋጋ ያስከፍላሉ። የኋለኛው ግን የገጽ አቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ለንባብ የሚረዱ መሣሪያዎች የኃላፊነት ክፍፍሉ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መካከል የተበተነ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀናጅተው የተማሪዎችን ዓይንና ጆሮ ማስመርመር፣ የግዥ ክፍሎች በመጽሐፍ ዝግጅትና ኅትመት ውሎች ውስጥ የፋይሉን ዓይነት መወሰን፣ የመዝገብ ክፍሎች የመጀመሪያውን ፋይል ሳያጠፉ ማቆየት፣ የፈተና ክፍሎች የማመቻቸት ጥያቄ የሚቀርብበትንና የሚወሰንበትን ሥርዓት ፈተናው ከመድረሱ በፊት ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። መምህራንም በቃል የሚመልሰውንና በጽሑፍ የሚወድቀውን ተማሪ ለይተው ለምርመራ የሚልኩበት መንገድ ሊመቻችላቸው ይገባል።

ከእነዚህ ተግባራት አብዛኛዎቹ አዲስ ተቋም ወይም ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። በትክክለኛው ፎንት የተጻፈና በአግባቡ የተቀመጠ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ፋይል፣ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በየትኛውም ወረዳ ያለ ተማሪ ሊያዳምጠው የሚችል መጽሐፍ ይሆናል። ፋይሉ ከጠፋ ወይም በምስል ብቻ ከቀረ ግን ተማሪው ስልኩ በእጁ፣ መጽሐፉም በፊቱ እያሉ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያነብለት መጠበቁን ይቀጥላል።